ደግመን ስንናገር

ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ የሚደርስብን ነው። ስለ «ንቃተ ኅሊና» እናወራለን፤ እናቶቻችን «ምን አልክ ልጄ?» ይሉናል። እኛም ያንኑ ቃል ጮክ አድርገን እንደግመዋለን፤ ችግሩ የጆሮ ይመስል!

በጎንደር ዘመን የደረጀው የአንድምታ ትርጓሜ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። መምህሩ የግዕዙን ንባብ በአማርኛ ይፈታል፤ ቀጥሎም «አንድም» እያለ በሌላ ቃል፣ በሌላ ምሳሌ ያብራራዋል። ይህን ማድረጉ ተማሪውን መናቁ አይደለም፤ ማክበሩ ነው።

ታዲያ እኛ ምን ያስፈራናል? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሐሳባችን በእናቶቻችን አማርኛ ሲነገር ባዶ ሆኖ እንዳይገኝ ነው። ግልጽ የተናገረ ሰው «ተሳስተሃል» ሊባል ይችላል፤ ከከባድ ቃል ኋላ የተደበቀውን ግን ማን ይደርስበታል? እንግዲህ «አልገባኝም» የሚለንን ሰው አንቆጣው። ምናልባት ነገሩ ለእኛም አልገባን ይሆናል።