ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ

መጽሐፍ የጣለ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አንዱ ነኝ። የጣልኩትም በፊርማዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምርበት በነበረ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት ደግሞ በካርቶን እንደታሸጉ ኮሪደሩን ዘግተውታል። ስለዚህ “አገልግሎት የማይሰጡ” መጻሕፍትን የሚያስወግድ ኮሚቴ ተቋቋመና ከቋንቋ ክፍል እኔ ተወከልኩ። እንደምታውቁት መጽሐፍ በእኛ አገር የመንግሥት ንብረት ነው። በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ እግሩ ከተሰበረ ወንበር እኩል። ብዙ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የተቀደደ ቅጠል እንኳ ለመጣል እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ኮሚቴ ሲገኝ ግን ፍርሃቱ ለአምስት ይከፋፈላል።

መስፈርታችን ቀላል ነበር። የኋላ ሽፋኑን ገልጦ የመመለሻ ቀን የሚታተምበትን ወረቀት ማየት። አሥር ዓመት ሙሉ ማኅተም ካላረፈበት ይውጣ! በሁለት ከሰዓት በኋላ ጨረስነው።

ልብ በሉ፣ መጽሐፍ ማስወገድ በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። ሳይንሱ ጥሎት የሄደ የፊዚክስ መማሪያ ሠላሳ ቅጂ ታቅፎ መቀመጥ ጥበቃ አይባልም፤ መጋዘን ነው። አለመነበብም የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ሥራ፣ በ1969 ከገቡት መጻሕፍት 40 ከመቶ ያህሉን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት አንድም ሰው እንዳልተዋሳቸው አሳይተዋል። እዚያም እንዲህ ነው።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። ፒትስበርግ የጣለውን መጽሐፍ ሌላ ከተማ ያለ ቤተ መጻሕፍት ይዞት ይሆናል። እኛ በዚያ ከሰዓት በኋላ ከጣልናቸው መካከል ግን በማባዣ የተባዙ የአማርኛ ማስተማሪያ ጽሑፎች ነበሩ። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም ነበሩ፤ በታይፕ የተመቱ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው። የደርግ ዘመን የርዕዮተ ዓለም ትርጉሞችም ነበሩ፣ ሞስኮ ታትመው የመጡትን ጨምሮ። ይህ መጽሐፍ በወመዘክር ይገኛል ወይ? በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምስ? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ በተማሪነቴ በግድ የተጋትኩት ትምህርት ስለነበር ትርጉሞቹን ስሰናበታቸው ደስ ሳይለኝ አልቀረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ኮርሱም አብሮ ቀርቷል፤ መጻሕፍቱ ምን ያደርጋሉ?

እዚህ ላይ የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” ትዝ ይለኛል። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያንን ግፍ ከእኛ የኮሚቴ ሥራ ጋር አላስተካክልም፣ ነውር ነው። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። “ኦሮማይ”ን የሰበሰቡት ሰዎች ቢያንስ አንብበውታል፣ ፈርተውታልም። ሕዝቡም መከልከሉን ስላወቀ እየደበቀ፣ እየተዋዋሰ አቆየው። እኛ የጣልነውን ማን ይደብቀዋል? መኖሩንስ ማን ያውቅና?

ወደ ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ የማስትሬት ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ጥናቱ በአብዮቱ ዘመን ወደ አማርኛ ስለገቡና ስለተስፋፉ ቃላት ነው፦ ወዛደር፣ ንዑስ ከበርቴ፣ ነባራዊ፣ ኅሊናዊ… ጥሩ ርዕስ ነው። ማርክስን ረግሞ የማይጠግብ ሹም እንኳ ዛሬም “ነባራዊው ሁኔታ” ሳይል ስብሰባ አይከፍትም። ለልጁ እነዚያን ትርጉሞች እንዲያይ ነገርኩት፤ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚያገኛቸው ሁሉ ጠቆምኩት። በማግስቱ ባዶ እጁን ሲመለስ ነው ትዝ ያለኝ።

ማንም አይዋሰውም ያልነው መጽሐፍ ለካ ተዋሹ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በአሥር ዓመት ማኅተም የቆጠርነው የመጡትን ነው፤ ገና ያልመጣውን የምንቆጥርበት ወረቀት የለም። ሁሉንም እናቆይለት ማለት አይቻልም፣ ቦታውም ገንዘቡም የለም። ነገር ግን ሌላ ቦታ የማይገኘውን ለይቶ ማስቀረት ሁለት ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ሁለት ወር ቢፈጅ ምን ነበረበት? በቦታቸው የገቡት የእርዳታ መጻሕፍት፣ ከውጭ የተወገዱ የአካውንቲንግ መማሪያዎች፣ እነሱም ማኅተም እንዳልበዛባቸው አይቻለሁ።

ከወራት በኋላ ልጁ አንዱን ትርጉም ይዞ መጣ። ለገሃር ካለ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ነው የገዛው። ሽፋኑ የለም፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን የቤተ መጻሕፍታችን ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይታያል። በስንቶቹ ቆሎ እንደተጠቀለለባቸው እግዜር ይወቀው።

“መምህር፣ ጽሑፌን ስጨርስ ልመልስላቸው እንዴ?” አለኝ።

“ቆይ፣ እኔ ልጠይቅልህ” አልኩት። ሄጄ ጠየቅሁ። ከታተመ አሥር ዓመት ያለፈውን መጽሐፍ በስጦታ አንቀበልም አሉኝ።