ሰፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ፣ ሱቅ ውስጥስ?



ባለፈው ሳምንት መርካቶ ወርጄ የኪታብ መደርደሪያ ገዛሁ። መኪና ድረስ የተሸከመልኝ ሰው ከአባቴ ዕድሜ ብዙም አያንስም። በሃያ ብር ተከራከርኩት። "አንተ፣ እንዳትጭረው!" አልኩት። የእኔን እኩያ ባለሱቅ ግን "እርስዎ" እያልኩ ነበር የማናግረው። አዛን ሲል አንዋር መስጂድ ገባሁ። ሰፍ ስናስተካክል ትከሻዬን የነካው የእሱ ትከሻ ሆነ። በዚያች ሰላት ኹሹዕ አላገኘሁም።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ 28ኛው አያ ላይ ቆም በሉ። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት የቁረይሽ ሹማምንት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ እነ ቢላልን፣ ዐማርን፣ ሱሀይብንና ኸባብን ካጠገብህ አርቅልንና እኛ ለብቻችን እንቀመጥ የሚል። ሐበሻው ቢላል ባለበት መቀመጥ ክብራቸውን የሚቀንስ መሰላቸው። አላህ (ሱ.ወ) ግን ነቢዩ ከእነዚያ ድሆች ጋር እንዲጸኑ፣ ዓይናቸውንም ከእነሱ ላይ እንዳያነሱ አዘዘ።

እኛስ? መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ ግቡ። ለደንበኛ ሻይ ይታዘዛል፤ ተሸካሚው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጁሙዓ ሲደርስ ባለቤቱ የፊተኛውን ሰፍ ለመያዝ ይቸኩላል፤ ዕቃ የሚያራግፉት ልጆች ግን ኹጥባው ያመልጣቸዋል። ንግድን ትታችሁ አላህን ወደ ማውሳት ኺዱ የሚለው የሱረቱል ጁሙዓ ትእዛዝ ለባለሱቁ ብቻ የወረደ ይመስል!

ከሁሉ የሚከብደኝ ዋስ ነው። ከገጠር የመጣ ታማኝ ልጅ ሽያጭ ላይ ልቀጠር ሲል "ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ" ይባላል። ከየት ያመጣል? እንደተሸከመ ይቀራል። ነጋዴ ራሱን መጠበቁን አልነቅፍም፤ አማና ከባድ ነው። ግን ከዛሬዎቹ ባለሱቆች የስንቱ አባት በሊስትሮና በሸክም ነው የጀመረው? ያኔ አንድ ሰው አምኖት አልነበረም?

አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሰደበው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገና ጃሂሊያ አለብህ አሉት፤ የሚያገለግሏችሁ ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትበሉት አብሉ፣ ከምትለብሱት አልብሱ፣ ከአቅም በላይ ካዘዛችሁም አግዙ ብለው አስተማሩት። ከዓመታት በኋላ ረበዛ ላይ ያየው ሰው እሱም አገልጋዩም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አገኛቸው።

እኔ ያን ሰው ከሰላት በኋላ ጫማ ማስቀመጫው ጋ ደረስኩበት። "አባባ፣ አፉ በሉኝ" አልኳቸው።

"ስለ ሃያዋ ብር ነው?" ብለው ሳቁ።

ስለ ብሯ ብቻ አልነበረም።