ከፍትፍቱ ፊቱ

ሰው ለተራበ ወንድሙ መስጠት እንደሚገባው የሚክድ የለም። ካህኑ በዐውደ ምሕረት ያስተምረዋል፤ ሼኹም በመስጊድ ያስተምረዋል፤ ደሴና ኮምቦልቻም ሁለቱን ድምፅ አብረው ሲሰሙ የኖሩ ከተሞች ናቸው። ክርክር የሚነሣው በመስጠቱ ሳይሆን በአሰጣጡ ነው። ዛሬ በየከተማው የሚመከር አንድ አሰጣጥ አለ፤ ይኸውም ሰጪው ዱቄቱን፥ ዘይቱን፥ ጨውንና ሳሙናውን ከአንድ ማከማቻ አግብቶ ይሄዳል፤ የተቸገረውም በሌላ ቀን መጥቶ ይወስዳል፤ ሁለቱ ግን አይተያዩም። ታዲያ አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ የተረቱት ተረት ይህን አሰጣጥ አይነቅፈውምን? ፊት የሌለበት ፍትፍት ምን ይጣፍጣል?

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ አገር በፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ሰው በ1967 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ማከማቻ አቋቁሞ፥ ነጋዴዎች ሊጥሉት ያሰቡትን ምግብ እየሰበሰበ ለችግረኛ ያድል ጀመር፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የምግብ ባንክ ብሎ አቋቁሞ ነበር፤ «ማዕድ ማጋራት» የሚለውም ቃል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየሰው አፍ ገባ። እንግዲህ ጥያቄው ልማዱ ከየት መጣ የሚል ሳይሆን መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው።

አስቀድሞ በከተማ ያለው ረሃብ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ረሃብ ማለት እህል ከምድር መጥፋት ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ይህን አያጸናም። የሕንዱ ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መርምሮ እንዳሳየው፥ በዚያ ክፉ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበረ። ገበሬው አዝመራው ሲጠፋበት የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም ጠፋ፤ ከብቱን ሊሸጥ ቢያወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ። ስለዚህ እህል በሚመላለስበት በዚያው አውራ ጎዳና ዳር ሰው በረሃብ ረገፈ።

ይህ የሚያስተምረን ገበያ ሞልቶ ሳለ ጓዳ ሊጎድል የሚቻል መሆኑን ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ ጤፉና ማሽላው በጆንያ ተደርድሮ ሳለ፥ ከገበያው ጥቂት ራቅ ብላ በኪራይ ቤት የምትኖር እናት እሳት ሳታነድ ልታድር ትችላለች። የገጠር ረሃብ መንገድ ዳር ወጥቶ ይታያል፤ የከተማ ረሃብ ግን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ጎረቤትም አያውቀውም፤ እርስዋም አትናገረውም።

ስለ ምን አትናገርም ቢሉ፥ ልመና ለሁሉ እኩል አይደለምና ነው። እኔ በቅኔ ቤት ሳለሁ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቼ በየመንደሩ ቁራሽ እየለመንሁ ተምሬአለሁ። ውሻ ቢያባርረን አናፍርም ነበር፤ የተማሪ ልመና እንደ ማዕርግ ይቈጠራልና። ቁራሹ የዕለት ቢሆን ወይም የሰነበተ ቢሆን ከሆድ ከገባ በኋላ ይረሳል፤ ባለቤቲቱ በምን ፊት እንደ ሰጠች ግን እስከ ዛሬ አይረሳም። ተረቱ እውነት መሆኑን የማውቀው ከዚህ ነው። ነገር ግን ያ ማዕርግ ለተማሪ ተሰጠ እንጂ ለቤት እመቤት አልተሰጠም። ልጆች ያሳደገች፥ እንግዳ የተቀበለች፥ ለቅሬዋ ስትደርስ የኖረች እናት አቁማዳ ይዛ በጎረቤቷ ደጅ ብትቆም፥ እንጀራውን ከመቀበሏ በፊት ስሟን ታጣለች።

ይህም በሌላ ሰው የሚደርስ ብቻ ነው ብሎ የሚተማመን ቢኖር ያለፈውን ያስታውስ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በጎረፈ ጊዜ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ የከተማውም ሰው እንጀራና ልብስ እየያዘ ወጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ጦርነቱ ለራሳቸው ለሁለቱ ከተሞች ደረሰባቸው፤ ትናንት በመጠለያ ደጅ ቆሞ ሲሰጥ የነበረው ብዙ ሰው ዛሬ በሰው አገር እጁን ዘርግቶ ተቀባይ ሆነ። ሰጪና ተቀባይ ሁለት ዘር አይደሉም፤ አንድ ሰው በሁለት ዘመን ነው እንጂ።

እንግዲህ ወደ ተረቱ እንመለስ። የተረቱን ሰም ብቻ የያዘ ሰው «ፊት» ማለት ዓይን ለዓይን መተያየት ይመስለዋል። ወርቁ ግን ክብር ነው። ሰጪው ፊቱን የሚያበራው ተቀባዩ እንዳይዋረድ ብሎ ነውና፥ መተያየቱ ራሱ በሚያዋርድበት ጊዜ ዓይንን መመለስ መልካም ፊት ነው። ስለዚህ ማከማቻው ተረቱን አያፈርስም።

ዳሩ ግን የማይታይ ሰጪ የሚወድቅበት አንድ ፈተና አለ፤ ይኸውም የተረፈውን መስጠት ነው። ነቀዝ የበላው ሽንብራ፥ ቀኑ ያለፈበት ዘይት፥ ማንም የማይፈልገው ነገር ሁሉ ወደዚያ ይጋዛል። በእንግዳው ፊት የማያቀርበውን ለማያየው ሰው የሚልክ፥ እርሱ ጓዳውን ጠረገ እንጂ አልሰጠም። መስፈሪያው ቀላል ነው፤ ለቤቴ ብሸምት ይህን እገዛዋለሁን ብሎ መጠየቅ ነው።

ከዚህም ጋራ ምን እንደ ጎደለ መጠየቅ ይገባል። ስንዴ ብቻ የተሰጠው ሰው ከፊሉን ሸጦ የወፍጮና የጨው እንደሚከፍል በየእርዳታ ጣቢያው የታወቀ ነው። ስለዚህ ዱቄት ያለ ጨው፥ ሽሮ ያለ ዘይት ግማሽ ምጽዋት ነው። ሳሙና አይበላም ተብሎ አይናቅ፤ ልብሱ ያደፈ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ለሴቶች ልጆች በየወሩ የሚያስፈልገው የንጽሕና መጠበቂያም አፍረን የምንዘለው አይሁን። አገሩም ይታይ፤ ደሴ ከጦሳ ሥር በብርድና በጉም ተቀምጣለች፤ ብርድ ልብስ ትሻለች፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቍልቍል የተወረደባት ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ናት። ሥጋ ነክ ነገር በወሎ እንደ አራጁ ይለያልና ይቅር፤ እህል፥ ጥራጥሬና ዘይት ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላው ነው።

ሁለተኛው ፈተና የጠባቂው ነው። ሰጪና ተቀባይ ካልተያዩ በመካከል የቆመው ሰው የሁሉ ፊት እርሱ ነው። በሐዋርያት ዘመን የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተረሳን ብለው ባጕረመረሙ ጊዜ፥ ሐዋርያት ነገሩን አላቃለሉትም፤ ሰባት የተመሰከረላቸው ዲያቆናት ሾሙበት። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሐሜት እንዳይነሣበት ከሌሎች ወንድሞች ጋራ እንጂ ብቻውን ሊያደርስ አልወደደም። እርሱን የሚያህል ሐዋርያ ምስክር ከፈለገ የእኛ ጠባቂ በመዝገብ መቈጣጠር አይክበደው።

ጥበቃ የጠፋ ጊዜ የሚሆነውን አይተናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በኮምቦልቻ የነበሩት የእርዳታ መጋዘኖች ተዘረፉ፤ በምግብ እጦት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው አልሚ ምግብ ሳይቀር ተወሰደ። የተባበሩት መንግሥታት እንደ ገለጠው በዝርፊያው የትግራይ ኃይሎች ታጣቂዎችም፥ ከነዋሪውም አንዳንዶች ነበሩበት፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በደሴና በኮምቦልቻ እደላውን አቋረጠ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ እህሉ ለተላከለት ሰው ሳይደርስ ወደ ሌላ እየሄደ ነው ተብሎ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ለወራት ቆመ። ጥቂቶች ሰረቁ፤ ብዙዎች ጾማቸውን አደሩ።

ታማኝ ጠባቂ ከወዴት ይገኛል ቢባል፥ ወሎ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቅሬ አለ። ቅሬ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ ጽፎ፥ የሞተውን ይቀብራል፤ ያዘነውን ያጽናናል። በየትኛው ቤት ማን እንዳለ ያውቃል፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ዳኛም አለው። እያንዳንዱ ቅሬ አንዲት ክፍል ለእህል ቢለይ፥ አባሉም ለወሩ ሲሸምት አንድ ኪሎ ለዚያ ቢጨምር፥ ሁለት የታመኑ ሰዎች ቢቈጥሩት፥ ተቀባዩም ስሙ በአደባባይ ሳይጠራ ቢወስድ፥ ሥራው ተጀመረ። ሰው ከሞተ በኋላ ንፍሮ ቀቅለን የምንሰበሰብለት ወገናችን፥ ሳይሞት ዱቄት ብናደርስለት ምን ይከብደናል?