ዕርዳታ ከመጠየቅ አስቀድሞ
ለወጣት ማኅበራት፣ ለካቴኪስቶችና ለቁምስና ምክር ቤቶች



ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሞያሌ ባሉት የቆላ ከተሞቻችን ወደ ቁምስና ጽሕፈት ቤት የሚመጡ ወጣቶች ዛሬ አብዝተው የሚያነሡት ጥያቄ፣ «አባ፣ ለማኅበራችን ዕርዳታ የሚሰጥ ድርጅት ከየት እናገኛለን?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ከፊቱ የሚታዩት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ወደ ሻኪሶና ወደ አዶላ ሄዶ ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ሌላው በሞያሌ በኩል ድንበር ይሻገራል፤ የቀረው በከተማው ጥላ ሥር ጫት ይዞ ይውላል። ሰባትና ስምንት ሆነው ፍየል አድልበው ለመሸጥ፣ የእህል ወፍጮ ለመትከል ወይም ለታናናሾቻቸው የማታ ትምህርት ለመክፈት የሚሰባሰቡ ልጆች እነዚህን መንገዶች ሁሉ እምቢ ብለው የመጡ ናቸውና በደስታ ልንቀበላቸው ይገባናል።

ሆኖም አንድ ነገር ደፍሬ ልናገር። በመንገዶቻችን ዳር ቀለማቸው የለቀቀ የፕሮጀክት ሰሌዳዎች ቆመው እናያለን። የለጋሹ ስም ይነበባል፤ የማኅበሩም ስም ይነበባል፤ ሥራው ግን የለም። የልብስ ስፌት መኪናው ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ወፍጮው መለዋወጫ አጥቶ ቆሟል፤ አባላቱም ተበትነዋል። ሰዎች «ገንዘቡ ስላለቀ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ነገሩን ብዙውን ጊዜ በሌላ መልኩ አየዋለሁ፤ ማኅበሩ የተወለደው ገንዘብ ይመጣል በተባለ ዕለት ስለ ነበረ፣ ገንዘቡ ባለቀ ዕለት ሞተ። ስለዚህ «ከየት እናገኛለን» ከማለታችን በፊት «ማን ሆነን ነው የምንጠይቀው» ብለን ራሳችንን እንመርምር።

መጽሐፈ ነህምያ ለዚህ መልካም አስተማሪ ነው። ነህምያ በሱሳ ግንብ የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሰማ ጊዜ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ወሬውን ከሰማበት ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር ድረስ ቆይቶ ነው ጉዳዩን ለንጉሡ ያቀረበው። ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው ነገር አላበዛም። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ሲጠየቅ ጊዜውን ቈርጦ ተናገረ። ከወንዝ ማዶ ላሉት ገዢዎች የይለፍ ደብዳቤ፣ የንጉሡን ዱር ለሚጠብቀው ለአሳፍም የእንጨት ትእዛዝ እንዲጻፍለት ለመነ፤ እንጨቱ ለምን ለምን እንደሚውልም ለይቶ አስታወቀ (ነህ. 2፥4-8)። ዛሬ ለጋሽ ድርጅቶች በቅጾቻቸው ላይ የሚያሰፍሩት ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም። ችግሩ ምንድን ነው? በስንት ጊዜ ይፈጸማል? ምን ያህል ያስፈልጋል፣ ለምንስ ይውላል? በአካባቢው ማን ያውቃችኋል?

ከዚያም ኢየሩሳሌም ደርሶ ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ በሌሊት ወጣ፤ የፈረሰውን ቅጥር በገዛ ዓይኑ መረመረ። ይህን ክፍል ለወጣቶቻችሁ ደጋግማችሁ እንድታስተምሩልኝ እለምናችኋለሁ። ለወፍጮ ዕርዳታ የሚጠይቅ ማኅበር በከተማው ስንት ወፍጮ እንዳለ፣ በድርቅ ወራት ስንቶቹ ሥራ እንደሚፈቱ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ናፍጣ በስንት እንደሚገዛ አስቀድሞ ቆጥሯልን? ፍየል የሚያደልብ ማኅበር መኖ ከየት እንደሚመጣ ያውቃልን? ከሌላ ቦታ የተገለበጠ የፕሮጀክት ጽሑፍ የከተማው ስም ብቻ ተቀይሮበት ሲቀርብ አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ያውቀዋል። በእጅ የተጻፈ፣ በእግር ተሂዶ የተቆጠረ አንድ ገጽ ይበልጠዋል።

ቅጥሩ ሲሠራ ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን አደሱ። የቴቁሐ ሰዎች ታላላቆች ግን ለሥራው ትከሻቸውን አልሰጡም፤ መጽሐፉም ይህን ሳይጽፍ አላለፈም (ነህ. 3፥5)። በየማኅበሩ የቴቁሐ ታላላቆች አይጠፉም፤ ለፎቶግራፍ ዕለት ብቻ ሰዓት አክብረው የሚገኙ ናቸው።

ይህን ትምህርት ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች ያሉትን የቱላ ጉድጓዶች ያየ ሰው ያውቀዋል። ሰዎች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው፣ እያዜሙ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ጉድጓድ ለማስቆፈር ወይም የተደረመሰውን ለማስጠረግ የተነሣው ሰው ኮንፊ ይባላል፤ ወገኖቹም ለሥራው ከብትና ጉልበት ያዋጣሉ። ውሃው ከተገኘ በኋላ ደግሞ የከብቱን ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ ይሾማል። ሄሬጋ በኦሮምኛ ቁጥር፣ ሒሳብ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ያለ ቆጣሪ ጉድጓድ የለም። በድርቅ ወይም በበሽታ ከብቱ ያለቀበት ሰውም በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት በጎሣው ጉባኤ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ጉባኤውም ከብቱ እንዴት እንዳለቀ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ከዚያም አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። በስንፍናው ያጠፋው ተግሣጽ ይደርሰዋል እንጂ እንደ ሌላው አይቆጠርም። እንግዲህ አባቶቻችን ፕሮፖዛል የሚለውን ቃል ሳይሰሙ የጠያቂንም የሰጪንም ወግ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ሰጪዎቹ እንምጣ። «የፈረንጅ ገንዘብ ነው፤ ማን ይጠይቀናል?» የሚለውን አነጋገር በየስብሰባው እሰማለሁ፤ መልስ ሳይሰጠው ማለፍም አይገባም። ሚዜሪዮር የተባለውን የጀርመን ካቶሊካውያን ድርጅት ጳጳሳት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን ምእመናን በዐቢይ ጾም የሚያዋጡት መባ ከገቢው ዋና ምንጮች አንዱ ነው። የአየርላንዱ ትሮኬር እ.ኤ.አ. በ1973 ሲቋቋም በየቤቱ ትንሽ የካርቶን ሣጥን አደለ፤ ቤተሰቡ በጾም የቆጠበውን ሳንቲም የሚያኖርበት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 በአለንታውን ሀገረ ስብከት የተጀመረውና የሩዝ ሣህን የተባለው መዋጮም እንዲሁ የጾም ፍሬ ነው፤ ከሚሰበሰበው ከመቶ 25 እጅ በዚያው ሀገረ ስብከት ላሉ ድሆች ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የጀርመን ሕፃናት ነገር ነው። በጥር ብርድ የሰብአ ሰገልን ልብስ ለብሰው፣ ኮከብ ይዘው፣ እየዘመሩ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ የሚያገኙትንም በሌላው ዓለም ላሉ ሕፃናት ይልካሉ። አንድ የማኅበር ገንዘብ ያዥ ያለ ደረሰኝ የሚያወጣት መቶ ብር ምናልባት ከእነዚህ ልጆች ከረጢት የወጣች ናት። ይህን ያወቀ ሰው «ማን ይጠይቀናል» ይላልን?

ገንዘቡ በዚህ መንገድ የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ካስጀመሩት አንዷ ወጣት ነበረች። ፖሊን ዣሪኮ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1799 ተወለደች። ገና በ20 ዓመቷ አካባቢ በከተማዋ ያሉትን የሐር ፋብሪካ ሠራተኞች በአሥር በአሥር አቧደነቻቸው፤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ አንዲት ሱ፣ ማለትም ትንሽ ሳንቲም፣ ያወጣል፤ የአሥሩ አለቃ ለመቶው አለቃ፣ የመቶው ለሺው ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በ1822 የእምነት ማስፋፊያ ማኅበር የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ የሐዋሳ ሐዋርያዊ ቪካርየት የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲመሠረት ስሙን ከነገሌ ያገኘው ሥፍራችንም የዚያ ዓይነት መዋጮ ፍሬ ከበሉት አንዱ ነው። ዕቁብና ዕድር ለሚያውቅ ሰው የእርሷ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም።

የሕይወቷን መጨረሻ ግን ጥቂቶች ብቻ ይናገሩታል። ለሠራተኞች ክርስቲያናዊ የሆነ የፋብሪካ መንደር ለመሥራት አስባ ገንዘብ አሰባሰበች፤ ያመነቻቸው ሰዎች አታለሏትና ሁሉ ጠፋ። ካበደሯት መካከል ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ። እርሷም «ተታልዬ ነው» ብላ አልተቀመጠችም፤ በቀረው ዕድሜዋ ያን ዕዳ ለመመለስ ስትለምንና ስትደክም ኖራ እ.ኤ.አ. በ1862 በድህነት ሞተች። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2022 በግንቦት ወር ብፅዕት ብላ አወጀቻት። ስለ ገንዘብ አሰባሰብ ስናስተምር የሳምንቷን ሱ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ዕዳ እናስተምር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ባስተባበረ ጊዜ ይህንኑ ጥንቃቄ አሳይቷል። የቆሮንቶስ ምእመናን በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ አቅማቸው ለይተው እንዲያስቀምጡ አዘዘ (1ቆሮ. 16፥2)። የመቄዶንያ ሰዎች ከድህነታቸው ሳሉ መስጠት እንዲፈቀድላቸው እንደ ለመኑ ነገራቸው። ገንዘቡንም ብቻውን አልያዘም፤ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም፣ ሌላም የተፈተነ ወንድም ላከ፤ ማንም እንዳይነቅፈን በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን እናስባለን ሲል ምክንያቱን ገለጸ (2ቆሮ. 8፥18-22)። ጳውሎስን የሚያህል ሰው «እኔን አታምኑኝምን?» አላለም። በማኅበሮቻችን ሒሳብ ሲጠየቅ የሚቆጣ ገንዘብ ያዥ ሲያጋጥማችሁ ይህን ምዕራፍ አንብቡለት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ምን ያህል እንደ ጎዳን መናገር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የዕርዳታ እህል ካልታለመለት እጅ መግባቱን ደርሰውበት በመላው ኢትዮጵያ እደላውን ለወራት አቆሙ። ይህ የሆነው በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከከሸፉና እጅግ ብዙ ከብት ካለቀ በኋላ ነበር። የበሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ የተራቡት ግን ሌሎች ነበሩ። ነህምያ በበኩሉ አሥራ ሁለት ዓመት በገዢነት ተሹሞ ሳለ ሕዝቡ ከብዶበታልና ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልበላም (ነህ. 5፥14-18)።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ላስታውስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የሃይማኖት ተቋማትን፣ ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ስለዚህ በቁምስና ሥር ያለ የወጣቶች ማኅበር ጥያቄውን የሚያቀርበው በቆሞሱና በሀገረ ስብከቱ የማኅበራዊና ልማት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፤ ካቶሊካውያን ለጋሾችም አብዛኛውን ጊዜ የጳጳሱን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁና ከሌሎች ወገኖች ጋር ሆናችሁ የምታቋቁሙት ማኅበር ግን፣ ይህም በከተሞቻችን እጅግ የሚመሰገን ነው፣ በራሱ ስም ሊመዘገብ ይገባዋል። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ መደንገጉንም አትርሱ፤ ለአበልና ለስብሰባ ግማሹን የመደበ ዕቅድ በሕግም በኅሊናም አይጸድቅም። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ፈንድ ተዘዋዋሪ መባሉም በምክንያት ነበር፤ ብድር ስለሆነ አንዱ ወጣት ሲመልስ ለሌላው እንዲደርስ ነው። እንደ ስጦታ ቆጥሮ ያስቀረው ከመንግሥት ሳይሆን ከተከታዩ ወንድሙ ነው የወሰደው።

ደግሞም ዘመኑ ተለውጧል። የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ታግዶ፣ ድርጅቱም በሐምሌ ወር ተዘግቷል፤ ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ ከዚያ ያገኝ የነበረው የአሜሪካ ካቶሊካውያን የተራድኦ ድርጅትም ብዙ ሥራ ለማጠፍ ተገዷል። ለጋሾች ካለፈው ይልቅ መርጠው ይሰጣሉ። የሚመርጡትም የሚሰበሰበውን፣ የሚያዋጣውንና የሚጽፈውን ማኅበር ነው።

ስለዚህ ለካቴኪስቶች የምላችሁ ይህ ነው። በየጸሎት ቤታችሁ ያለ የወጣቶች ማኅበር ዕርዳታ ሲጠይቃችሁ አትመልሱት፤ ነገር ግን ስድስት ወር ስጡት። በእነዚህ ወራት በየሳምንቱ ይሰብሰብ፤ እያንዳንዱ አባል አሥር ብርም ቢሆን ያዋጣ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ገንዘቡ በሦስት ሰዎች ስም በባንክ ይቀመጥና በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን። ባዋጡት ገንዘብ አንዲት ትንሽ ሥራ ይሥሩ፤ ሁለት ፍየል ቢሆን፣ ለአንዲት መበለት የጣራ ቆርቆሮ ቢሆን። ከስድስት ወር በኋላ መዝገቡን ይዘው ወደ ቆሞሱ ይምጡ፤ የዕርዳታ መጠየቂያውን ከዚያ መዝገብ ላይ አብረን እንጽፋለን።

በጥቅምት የተልእኮ እሑድ ለሌሎች አገሮች አብያተ ክርስቲያናት የምናዋጣውን መባም በዚህ ዓመት ወጣቶቹ ራሳቸው ይቁጠሩት። ሁለት ሆነው ይቁጠሩ፤ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ድምሩንም ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ለምእመናን ያንብቡ።