የሰንደቅ ዓላማ ትርጓሜ የማን ነው?

ጨርቅ በራሱ በጎም ክፉም አይደለም። ሸማኔው ሲሠራው፥ ቀለም ነካሪው ሲነክረው፥ ሰፊውም ሲሰፋው እንደ ማናቸውም ልብስ ነበረ፤ በእንጨት ጫፍ ተሰቅሎ ሰዎች ከበታቹ በተሰለፉ ጊዜ ግን መናገር ይጀምራል። የሚናገረውን ነገር የሚወስነው የሰቀለው ሰው ነውን፥ ወይስ ቀና ብሎ የሚያየው? በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ይህ ጥያቄ ብዙ ዘመን ሰውን አከራክሯል፤ ደምም ፈሶበታል። ከእኛም ወገን ብዙዎች በቨርጂኒያና በጆርጂያ ቤት ሠርተው ይኖራሉና፥ ያንን ባንዲራ በጎረቤታቸው ደጅ ባዩ ጊዜ ምን እንደሚያስቡ ይቸገራሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባናል፤ ዓመቶቹንም እንደዚያው አገር አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ባንዲራው መደቡ ቀይ ነው፤ በላዩ በሰያፍ የተላለፈ ሰማያዊ መስቀል አለበት፤ በመስቀሉም ላይ 13 ነጫጭ ከዋክብት ተስለውበታል። የተገኘውም በ1861 ነው። በዚያ ዓመት በማናሳስ በተደረገው ጦርነት የደቡቦቹ መንግሥት ባንዲራ የሰሜኖቹን ይመስል ነበርና፥ በጢስና በአቧራ መካከል ወዳጅን ከጠላት መለየት አስቸገረ። ስለዚህ ለጦር ሜዳ የሚሆን ሌላ ምልክት ፈለጉ፤ ዊልያም ፖርቸር ማይልስ የተባለ የሳውዝ ካሮላይና ሰው ያሰበውም ንድፍ ተመረጠ። እንግዲህ መጀመሪያ የወታደር ምልክት ነበረ የሚሉ ሰዎች ሐሰት አልተናገሩም። እስከ 1865 ድረስ በሁለቱም ወገን ከ600,000 የማያንስ ሰው አለቀ፤ ከደቡብ ወታደሮችም አብዛኞቹ በስማቸው አንድ ባሪያ እንኳ ያልነበራቸው ገበሬዎች ነበሩ። አባቴ ከዚህ ጨርቅ በታች ሞተ የሚልን ሰው እንዴት ዝም በል እንለዋለን? የአባትን መቃብር ማክበር በየትም አገር የተመሰገነ ነው።

ነገር ግን ወታደሩ ስለ ምን እንደ ተሰለፈ የተናገሩት አለቆቹ ናቸው። ሳውዝ ካሮላይና በታኅሣሥ ወር 1860 ከኅብረቱ ስትለይ የመለየቷን ምክንያት በጽሑፍ አስታወቀች፤ በዚያም ጽሑፍ የባርነት ነገር በግልጥ ይነበባል። የአዲሱ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስም በመጋቢት 1861 በሳቫና ከተማ ቆሞ፥ የመንግሥታቸው የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ሰው ከነጭ ሰው ጋር እኩል አለመሆኑ እንደ ሆነ ለሕዝቡ ነገረ። ይህ ጠላት የለጠፈባቸው ክስ አይደለም፤ በገዛ አፋቸው የመሰከሩት ነው።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ክርክር ያውቀዋል። አንድ ተማሪ ሰሙ ያማረ፥ ወርቁ ግን ስድብ የሆነ ቅኔ ተቀኝቶ መምህሩ በጠየቀው ጊዜ፥ እኔ ሰሙን ብቻ ነው ያልሁት ቢል አይሰማለትም፤ ቃሉን በመረጠ ጊዜ ሁለቱንም መርጧልና። እንዲሁም ሰሚው በቅኔው ውስጥ የሌለውን ወርቅ ከራሱ አምጥቶ ቢያገባበት እርሱም ይገሠጻል። የሁለቱ ክርክር የሚቈረጠው ወደ ቃሉ፥ ወደ ጊዜውና ወደ ቦታው ተመልሶ በማየት ነው። የባንዲራውንም ነገር በዚሁ መንገድ እንመርምረው፤ መቼ ተሰቀለ? የትስ ተሰቀለ?

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ባንዲራው ይበልጡን የሚታየው በአሮጌ ወታደሮች ማኅበርና በመቃብር ስፍራ ነበረ። የደቡቦቹ ታላቅ ጄኔራል ሮበርት ሊ ራሱ በ1869 ስለ ጦርነቱ መታሰቢያ ተጠይቆ፥ ቍስሉን ገልጦ ከማቈየት መተው ይሻላል የሚል መልስ ጽፏል። በ1948 ግን የጥቁሮች መብት ነገር በመነሣቱ ከፓርቲያቸው የተለዩ ሰዎች፥ የሳውዝ ካሮላይናን ገዥ ስትሮም ተርመንድን ለፕሬዚዳንትነት አቀረቡ፤ ደጋፊዎቹም ይህን ባንዲራ አውለበለቡ። በ1954 ጥቁርና ነጭ ሕፃናት በትምህርት ቤት እንዳይለያዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደ፤ ጆርጂያም በ1956 ይህንኑ ምልክት በራሷ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አገባች። በ1961 ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና በኮሎምቢያ ከተማ በምክር ቤቷ ጕልላት ላይ ሰቀለችው። ምክንያቱ የጦርነቱ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው ተባለ። መልካም፤ መቶኛው ዓመት በ1965 ተፈጸመ። ባንዲራው ግን ከጕልላቱ የወረደው በ2000 ነው። መታሰቢያው ካለቀ በኋላ ለ35 ዓመት በዚያ የቆየው ምን ሊያስታውስ ነው? እኔ ወርቁ እዚህ ላይ የተገለጠ ይመስለኛል።

በ2000 ባንዲራውን ከጕልላቱ ያወረዱት ተደራድረው ነው፤ ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የወታደሮች ሐውልት አጠገብ አቆሙት፤ ከምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛው ካልፈቀደም እንዳይነካ በሕግ አሰሩት። በሰኔ 17 ቀን 2015 አንድ ነጭ ወጣት በቻርልስተን ወደምትገኘው ወደ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ገባ። ጥቁሮች ምእመናን የማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ነበሩ፤ እንደ እንግዳ ተቀበሉት፤ አንድ ሰዓት ያህልም ከእነርሱ ጋር ተቀመጠ። ለጸሎት ዓይናቸውን በጨፈኑ ጊዜ 9 ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ የቤተ ክርስቲያኒቱ መጋቢና የዚያው ምክር ቤት አባል የነበሩት ክሌመንታ ፒንክኒ ናቸው። ገዳዩ ከዚያ ባንዲራ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍም ተገኘ።

አስከሬናቸው በፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ወደ ምክር ቤቱ መጣ። የአገሪቱና የግዛቲቱ ባንዲራዎች ስለ ሐዘኑ ዝቅ ብለው ነበር፤ ያኛው ግን በሕጉ ታስሯልና ከፍ እንዳለ ቀረ። ባንዲራው ወደ አስከሬኑ እንዳይታይም በውስጥ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረዱት። ሰው በቤቱ የሰቀለውን ነገር ለቅሶ በመጣ ጊዜ በመጋረጃ የሚሸፍነው ከሆነ፥ ያ ነገር ምን እንደሚናገር ልቡ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው።

በመጽሐፈ ኢያሱ የሮቤልና የጋድ ልጆች ከምናሴ ነገድ እኩሌታ ጋር በዮርዳኖስ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ እንደ ሠሩ ተጽፏል። ወንድሞቻቸው ይህን ሰምተው ዐመፅ መሰላቸው፤ ሊወጓቸውም ተሰበሰቡ፤ ነገር ግን አስቀድመው ፊንሐስን ልከው ጠየቋቸው። እነርሱም ለመሥዋዕት እንዳልሠሩት፥ ለልጆቻቸው ምስክር እንዲሆን እንዳቆሙት ተናገሩ፤ ታመኑም። የታመኑት ስለ ምንድር ነው? ከመሠዊያው ላይ ጢስ ስላልወጣ ይመስለኛል። ምስክር ብቻ ነው ያሉትን ነገር ሥራቸው አላፈረሰባቸውም። የደቡቡም ሰው ባንዲራዬ ምስክር ብቻ ነው ቢል ቃሉን ልቀበለው በወደድሁ፤ ነገር ግን ከዚህኛው መሠዊያ ብዙ ጊዜ ጢስ ወጥቷል። በጥር 6 ቀን 2021 እንኳ ሁከተኞች የዋሽንግተንን ምክር ቤት ሰብረው በገቡ ጊዜ አንዱ ይህንኑ ተሸክሞ በአዳራሹ ሲመላለስ ታየ። የአባቱን ክብር የሚጠብቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በእነዚህ ሊቈጣ ይገባው ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የጋራ ቤት የሁሉ ቤት ነው፤ ግብር የሚከፍል ጥቁር ዳኝነት ሊለምን ሲገባ አያቱን በሰንሰለት ያሰረውን መንግሥት ምልክት ከራሱ በላይ ሊያይ አይገባውም። ከወታደሮች መቃብር ላይ ግን ይነቀል የሚሉትን አልከተልም፤ ሙታን በአደባባይ አይከራከሩም። በገዛ ደጁ የሚሰቅለውንስ? የአገሩ ሕግ አይከለክለውም፤ እኔም በጕልበት ይቀደድ አልልም፤ በግድ የወረደ ባንዲራ ከደጅ ወርዶ በልብ ይሰቀላልና። ይልቅስ ጎረቤቱ እንደ ፊንሐስ ሄዶ ይጠይቀው፤ እርሱም መልስ ይስጥ። እኛም በአረንጓዴ፥ ቢጫ፥ ቀይ መካከል ምን ይግባ፥ ምንስ ይውጣ ስንባባል ይህን ያህል እንኳ ስንጠያየቅ አላየሁም፤ የእኛ ነገር ግን በራሱ ሚዛን ሊመዘን የሚገባው ሌላ ነገር ነው።

በሐምሌ 9 ቀን 2015 ገዥዋ ኒኪ ሄሊ በሕጉ ላይ ፈረሙ፤ በማግሥቱ ባንዲራው ወርዶ በዚያው ከተማ ወዳለው የጦርነቱ ቅርስ ቤት ተወሰደ። ከዚያ በፊት በክርክሩ እንዲወርድ ከተናገሩት የምክር ቤት አባሎች አንዱ ፖል ተርመንድ ነበረ፤ ይኸውም በ1948 ሰዎች ያን ባንዲራ እያውለበለቡ የተከተሉት የስትሮም ተርመንድ ልጅ ነው።