የዘፈን ሰዓት

እህቶቼ፣ የደማምና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ መሆኑን ልብ ብላችሁታል? እዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያም አንድ ሰዓት ነው። በስልኬ ሸገር 102.1ን ወይም ፋና 98.1ን ስከፍት የሚነግሩኝ ሰዓት ለእኔም ልክ ነው። ዘፈኑ ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይመጣልኝም።

ሬድዮ ዘፈን የሚመርጠው አድማጩ በዚያ ሰዓት ምን ያደርጋል ብሎ ገምቶ ነው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ላለው ሞቅ ያለ፤ ዜና ሊገባ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የትም ቢቆረጥ ቅር የማይል፣ ግጥም የሌለው የመሣሪያ ሙዚቃ፤ ማታ ትዝታ። በዐቢይ ጾም በገናው ይበዛል። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲሞቱ ደግሞ ጭፈራው ጠፍቶ ለቀናት የሐዘን ዜማ ነበር የምንሰማው። የሠርግ ቤት ያለው ሰው ምን አድርጎ ይሆን?

እኔ ማታ በአራት ሰዓት እንግዳ የበላበትን ሳህን እያጠብኩ ነው። መራጩ ግን ጋደም ያልኩ መስሎት በትዝታ ያባብለኛል። ኧረ እንቅልፍ የሚያባርር ስጡኝ!

አረቦቹም እንደዚሁ ናቸው። አንድ ጠዋት ከኮበር ወደ ደማም ስንሄድ መኪናው ውስጥ ፌይሩዝ ትዘፍናለች። ማታ ማታ የምትሰማው ኡም ኩልሱም ናት። ማዳምን «ፌይሩዝ ለምን ጠዋት ብቻ?» አልኳት። «ጠዋት ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ። ሬድዮዎቹ ለብዙ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ስላሰሟት ዛሬ ያለ እሷ ጠዋቱ የነጋ አይመስላቸውም። እንግዲህ ሰዓቱ ነው ዘፈኑን የሚመርጠው ወይስ ዘፈኑ ሰዓቱን? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ለዚህም ነው አንድ ሰው ስቱዲዮ ተቀምጦ የማያውቃቸውን ሰዎች ስሜት በሰዓት መመደቡ ቀላል ነገር ያልመሰለኝ።

እኛ አገር ሰዓት መምረጥ ትልቅ ነገር ነው። መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው። በስደት ላለች ልጅ ግን ማለዳው የለም። «ብቻዋን ናት፣ ትቆይ» ይባላል።

እኔንም እንደዚያ አቆይተውኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእንቁጣጣሽ አንድ ጣቢያ የአድማጮች ምርጫ ነበረው። እኔም ለእናቴ ዘፈን መረጥኩ፤ «ለእማዬ፣ ከልጇ፣ ከሳዑዲ» ብዬ። አነበቡልኝ፣ ዘፈኑንም አሰሙልኝ። በደስታ ኩሽና ውስጥ ዘለልኩ። እማዬ ግን ነሐሴ ላይ ተቀብራ ነበር። መርዶው የደረሰኝ ከመስቀል በኋላ ነው።

መራጩን ልውቀስ? ከየት ያውቃል! ለበዓል የበዓል ዘፈን ነው ያሰማው። ቤተሰቤንም አልወቅስም፤ ባይሆን ከመራጩ ይልቅ እነሱ ናቸው የማያውቁትን ልቤን በግምት የመደቡት። እኔ ብሆን ኖሮ እነግር ነበር? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

እህቴ በኋላ ስትነግረኝ፣ ስሜ ሲጠራ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እሷ ሬድዮውን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ አባባ ያዛት። «ተይው» አላት፣ «የእሷ ነው፣ ይለቅ።»

ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም አልተነሳም አለችኝ።