ሳይሰሙ መፍረድ፦ ከ«ኦቴሎ» ትዳር የምንማረው

በሾኔም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ይሄዳል። ሽማግሌዎችም የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም፤ ባልየውንም ሚስቲቱንም ያናግራሉ። ነገር ግን ጠቡ ገና በልብ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ ከሳሹም ዳኛውም እኛው ራሳችን ነን። ታዲያ የተጠረጠረ የትዳር ጓደኛ ሳይሰማ ሊፈረድበት ይገባልን?

ይህን ጥያቄ የእንግሊዙ ጸሐፌ ተውኔት ዊልያም ሼክስፒር በ«ኦቴሎ» አጉልቶ ያሳየናል። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1604 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የታየ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ የመለሱት እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፉት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው።

የቬኒስ የጦር አዛዥ የሆነው ጥቁሩ ኦቴሎ ዴዝዴሞናን ያለ አባቷ ፈቃድ ባገባ ጊዜ፣ አባቷ ልጄን በመተት አሳታት ሲል ይከሰዋል። መስፍኑ ግን ክስ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ይናገራል። ኦቴሎም ሚስቱ ተጠርታ ትመስክር ብሎ ይጠይቃል። እርሷም ቀርባ ወድዳ እንዳገባችው ትናገራለች፤ እርሱም ከክሱ ነጻ ይወጣል።

ቆይቶ ኢያጎ የሚባለው የበታች መኮንን በመካከላቸው ይገባል። በመጀመሪያ በግልጽ አይከስም፤ የኦቴሎን ቃል መልሶ ይደግማል፣ ጀምሮ ያቋርጣል፣ ከቅናት ተጠበቅ እያለም ይመክራል። የቀረውን የኦቴሎ ልብ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ሲነጋገሩ እርሱ የሰጣትን መሐረብ እንድታሳየው ይወተውታል፤ እርሷ ግን ከማዕረጉ ስለ ተሻረው ስለ ካሲዮ ታማልዳለች። እርሱ መሐረቡን ባነሣ ቁጥር እርሷ ካሲዮን ታነሣለች፤ ከፍርሃትም የተነሣ መሐረቡ አልጠፋም ትላለች። ሁለቱም ይናገራሉ፣ የሚሰማ ግን የለም።

አንዳንዱ ኦቴሎ እኮ ተታለለ እንጂ ምን አጠፋ ይል ይሆናል። የሚስቱን ደንገጡር ኤሚሊያንም ጠይቋል። ነገር ግን ስለ እመቤቷ ንጽሕና ስትመሰክርለት ቃሏን ንቆ ጣለው። ፈርዶ የሚጠይቅ ሰው እንዳልጠየቀ ይቆጠራል። በመጨረሻዋ ሌሊት ዴዝዴሞና ካሲዮ ተጠርቶ ይጠየቅ ብላ ትለምነዋለች። እርሱ ግን በቬኒስ ለራሱ የጠየቀውንና ያገኘውን ፍትሕ ለሚስቱ ነፈጋት፤ ገደላትም። ስለዚህ የኢያጎ ሐሰት የኦቴሎን በደል አይሽረውም።

አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጥርጣሬ ሳይጋበዝ ይመጣል፣ መምጣቱም ብቻውን ኃጢአት አይደለም። በደል የሚሆነው ጥርጣሬውን በልባችን ቀልበን፣ ለጎረቤት አውርተን፣ ከሚመለከተው ሰው ግን ስንሸሽገው ነው። ኒቆዲሞስም ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት በሸንጎ ፊት መናገሩን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እናነባለን። በሸንጎ የሚገባ ፍትሕ በጎጆ ውስጥ አይገባምን?

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በተለይም ለጋብቻ የሚዘጋጁትን የምታስተምሩ ካቴኪስቶች፣ ይህን ጥያቄ ከወጣቶቹ ጋር ተወያዩበት። ወሬ ወደ ቤታችን ሲገባ አስቀድመን የምናናግረው ማንን ነው? ወሬ አቀባዩን ነው ወይስ በአንድ ማዕድ አብሮን የሚቆርሰውን?